ሲሶ ፈልጌ ግማሽ ያልሁ ቀን

በዚህ አገር የልቡን ልክ በመጀመሪያ ቃሉ የሚናገር ሰው የለም! አለ የሚለኝ ቢኖር፣ ያ ሰው ወይ ገበያ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ ፈረንጅ ነው።

አትቆጡኝ እንጂ አንባቢዎቼ… እናንተስ ብትሆኑ? ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ እንጂ» ስትባሉ «በልተን ነው የመጣነው» የምትሉት በልታችሁ ነው? «በሞቴ» እስኪመጣ ስትጠብቁ አይደለም? ሽማግሌ ተልኮባችሁ «ልጃችን ገና ናት» የምትሉትስ ገና ሆና ነው? አንድ በሬ ጠፍቶባችሁ ለሹሙ አቤቱታ ስታጽፉ ሦስት የምታስደርጉትስ? ሹሙም ሦስት ሲባል አንድ መሆኑን ያውቃል፤ እናንተም ማወቁን ታውቃላችሁ፤ አገሩም በሰላም ይኖራል። እኔም ከእናንተ የተለየሁ አይደለሁም። ከእናንተ ስላልተለየሁም ነው ዓምና በዚሁ በባሌ ምድር ከገዛ አካሌ ግማሹን ላጣ ለጥቂት የተረፍሁት!

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል አለ። ጨዋ ሴት፣ ያውም የማርያም ማኅበርተኛ፣ ጋዜጣ ላይ ልታወጣው የማይገባ ቃል ነው። ካላወጣሁት ደግሞ ወሬው አይገባችሁም። ስለዚህ አንዴ እጽፈውና ሁለተኛ አልደግመውም፦ ጡት። ይኸው ወጣልኝ! ከዚህ በኋላ «እነሱ» እላለሁ፤ እናንተም አንገታችሁን ደፍታችሁ ትረዱኛላችሁ።

እነሱ ትልልቅ ነበሩ። ምን ያህል? ደጃዝማች ሲመጣ ፊት ፊት የሚሮጡ፣ «ዞር በል! ዞር በል!» የሚሉ አሽከሮች አሉ አይደል? የእኔም እንደዚያ ነበሩ። በር ላይ ስደርስ እነሱ ቀድመው ይገባሉ፤ እኔ ባለቤቷ ዘግይቼ እደርሳለሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት ከደብረ ማርቆስ ጎባ የሴቶች ተማሪ ቤት የስፌት አስተማሪ ሆኜ የተመደብሁ ጊዜ፣ ዳይሬክተሩ እጅ ነሥተው «እንኳን ደኅና መጡ» ያሉት ለእነሱ ነው። (እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ ሰውየው አጭር ናቸው፣ ዓይናቸው ከዚያ በላይ አይደርስም።)

ሸክምን ተሸካሚው ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ ለእኔ የሚሆን መያዣ ስለማይገኝ ከአቡጀዲ ራሴ እሰፋ ነበር። ማንገቻው ትከሻዬን አርሶ አርሶ የገብስ ማሳ ትልም አስመስሎታል። ጀርባዬም ማታ ማታ ብርድ እንደመታው የጎባ ቆርቆሮ ይንቋቋል። ተማሪዎቼ መርፌ ሲወድቅባቸው «የኔታ፣ እኛ እናነሣዋለን» ብለው ይሻሙ ነበር፤ ለመከባበር መስሏችሁ? መምህርቷ ጎንበስ ካለች ቀና እስክትል ደወል እንደሚደወል ስለሚያውቁ ነው።

ይህንንስ ችዬው ነበር። ያልቻልሁት ስግደቱን ነው።

እስኪ አስቡት… ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ «ኪርያላይሶን» እያለ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል። እኔ ስወድቅ ግን መሬት የሚደርሱት እነሱ ናቸው! ግንባሬ ከምድር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንደ ትዕቢተኛ ግንባር በአየር ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ እሞክርና ወገቤ እምቢ ሲል ከአረጋውያንና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ባል የሌላት ሴት ስቅለትን ከነፍሰ ጡሮች ጋር ስትውል ምን እንደሚባል ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሲመሽ ሰው ሁሉ ግንባሩ አፈር ለብሶ ከቅጥሩ ይወጣል። የእኔ ብቻ ንጹሕ ነው። በዚያ ቀን ንጹሕ ግንባር ይዞ መውጣት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል!

ነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት አዝነውልኝ፣ «ወለተ ማርያም፣ አንቺ በስግደቱ ፋንታ ዳዊት ድገሚ» ብለውኛል። ደገምሁ። እየደገምሁም ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሆነ፤ ግንባሬ ግን አንድ ቀን እንኳ መሬት አልነካም።

ዓምና በጥር የትከሻዬ ቁስል አመረቀዘና በጎባና በሮቤ መካከል ወዳለች አንዲት ትንሽ የሚሲዮን ክሊኒክ ሄድሁ። እግር ጥሎኝ፣ እሳት ያቃጠለውን፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀውን የሚጠግኑ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በዓመት ሁለቴ የሚመጡበት ሰሞን ኖሯል። ሐኪሙ ትከሻዬን አዩ፤ ጀርባዬን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ከዚያ ቁስል ለሚያጥቡት ድሬሰር ለአቶ ቱፋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። አቶ ቱፋ የባሌ ተወላጅ፣ የተከበሩ ጎልማሳ ናቸው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«መቀነስ ይቻላል ይላሉ።»

«ምኑን?»

አቶ ቱፋ ጣራ ጣራውን እያዩ፣ «…ጭነቱን» አሉ።

«ይቻላል?»

«በቀዶ ጥገና ይቻላል። ግን ብዙ በተነሣ ቁጥር፣ ወደፊት ልጅ ቢመጣ የማጥባቱ ተስፋ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚቀነስ አስበውበት በሳምንቱ ይምጡ ይላሉ።»

ምን ያህል! ይህን ጥያቄ ለስፌት አስተማሪ? እኔ «ሦስቴ ለክታችሁ አንዴ ቁረጡ» እያልሁ እንጀራዬን የምበላ ሴት ነኝ! የረዘመ ቀሚስ ይታጠፋል፤ ያጠረ ቀሚስ ቅጥያ ይደረግለታል፤ ለዚህኛው ግን የምን ቅጥያ ይገኝለታል? ቢበዛ፣ ነገ እግዚአብሔር ባልና ልጅ ቢሰጠኝ፣ ልጄን ታቅፌ ጎረቤት ለጎረቤት «እባካችሁ አጥቡልኝ» እያልሁ ልዞር ነው። ቢያንስ ደግሞ ተቆርጬ፣ ተሰፍቼ፣ ግንባሬ ያው ከምድር ግማሽ ስንዝር ሊቀር ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ምክር አያንስም አልሁ። በዚያው ሳምንት የማርያም ማኅበራችን ነበርና አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ብቻ በጆሮዋ ነገርኋት። ጠላው ለሁለተኛ ጊዜ ሳይቀዳ አሥራ ሁለቱም ጉባኤ ተቀምጠውበት አገኘኋቸው! እግዚአብሔር ምንም ያልሰጣት፣ «ሁሉም ይነሣ! ለምኗ ነው?» አለች። እንደ እኔው የተትረፈረፈላት፣ «እንዳታስነኪ! ነገ ባሎቻችን ‘እናንተም ሂዱ’ ይሉናል» አለች። የዳኛ ሚስት ደግሞ፣ «ቀኙ ዘንድሮ፣ ግራው ለሚመጣው ዓመት ይሁን፤ ቀጠሮ አይከፋም» ብላ ፈረደች። (ባሏም ችሎት ላይ እንዲሁ ናቸው።) በመጨረሻ አለቃችን «በጸሎት ይታሰብበት» ብላ ዘጋችው፤ አሥራ ሁለቱም እያማተቡ አንዴ አንዴ ወደ እነሱ እያዩ ጸለዩ።

ተስፋ ቆርጬ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ስል የአዴ ፋጡማ ቤት ነው። «አዴ» በዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ማክበሪያ ነው፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። አዴ ፋጡማ ክፍል ያከራዩኝ ሙስሊም ባልቴት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግደዋል። ቅቤ በመዳፋቸው አንሥተው «ይኼ ይህን ያህል ነው» ካሉ ሚዛን የሚሉት ዕቃ አፍሮ ይሸሻል።

ጎባ እንደገባሁ ገበያ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ነጋዴዋ የጠራችውን ሳልከራከር ሰጥቼ ቅቤ ይዤ ብመጣ፣ ራሳቸውን ያዙ! ቅቤው ሲቆረጥ መሀሉ ዱባ ሆኖ ተገኘ። «ኢንተላ ቲያ!» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በመጀመሪያ ቃልሽ እሺ ያለችሽ ነጋዴ፣ ቅቤው ውስጥ ዱባ አለ። የልብሽን አታውጪ። ከልብሽ ራቅ አድርገሽ ተናገሪ። ካልተስማማችሁ ጥለሽ ሂጂ። ስትጠራሽ በአንደኛው አትዙሪ፤ በሁለተኛው ዙሪ።» ከዚያ ወዲህ፣ ራሴን ለማመስገን አይሁንብኝና፣ በጎባ ገበያ እንደ እኔ ቀስ ብሎ ጥሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

የዚያን ዕለት ችግሬን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይኼ በወሬ አይፈታም። ገብስ አምጪ» አሉ።

ሁለት የአቡጀዲ ከረጢት ሰፋሁ። አዴ ፋጡማ «ቢስሚላሂ» ብለው በአንድ እጃቸው ከረጢቱን፣ በሌላ እጃቸው… ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ… እየመዘኑ ገብሱን በስኒ በስኒ ጨመሩ።

«ዘጠኝ ዘጠኝ ስኒ» አሉ። «ግራዋ ግን በአንድ እፍኝ ትበልጣለች።»

ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ የማላውቀውን!

«አሁን ማን ይልበሰው?» አልሁ። እኔማ የራሴ አለኝ።

«እኔ ነኛ!» አሉ። አዴ ፋጡማ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናቸው። ከረጢቶቹን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። የመስገጃ ምንጣፋቸውን ትተው የገብስ ማስጫውን ሰሌን ዘረጉ። «ይኼ ሶላት አይደለም፤ ልኬት ነው። አላህ ያውቃል» ብለው ጎንበስ አሉ።

ከረጢቶቹ ቀድመው ደረሱ። ግንባራቸው አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ታገሉ፣ ተንፈራገጡ፤ በመጨረሻ በጎናቸው ዞረው ሰሌኑ ላይ ተዘረሩ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ተጋድመው እንዳሉ። «ኢንተላ ቲያ! ይኼን ተሸክመሽ ነው እስከ ዛሬ በሃይማኖትሽ የጸናሽው?»

ከእናቴ ቤት ከወጣሁ እንደዚያ ያዘነልኝ ሰው የለም። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ለእንባ ጊዜ አልነበራቸውም፤ «ቀንሺ!» አሉ። አንድ አንድ ስኒ ቀነስን፤ አልነካም። ሁለት ሁለት ቀነስን፤ ሻሻቸው ነካ፣ ግንባራቸው ቀረ። ሦስት ሦስት ስኒ ስንቀንስ ግንባራቸው ሰሌኑ ላይ ጧ አለ።

«ነካ!» ብዬ ጮህሁ።

ከዘጠኝ ሦስት… ሲሶ! ስድስቱ ይቀራል፤ ልጅ ቢመጣም ከስድስት ስኒ ጦሙን አያድርም። ደግሞስ ሲሶ የአገሩ ልክ አይደል? ባለርስቱ ከአራሹ ሲሶ ይወስዳል፤ እኔ ከራሴ ሲሶ ብወስድ ምን ነውር አለው? (ይህችን አዘጋጁ ይሰርዛት ይሆናል።)

በማግስቱ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ለውበት ነው ወይስ ለስግደት?» አሉኝ።

«ለስግደት፣ አባ።»

«ለውበትም ጥቂት?»

«…ለጀርባዬም ጥቂት።»

«ምን ያህል ነው የሚወሰደው?»

«ሲሶ፣ አባ።»

ጢማቸውን እያፍተለተሉ አሰቡ። «ደንቡ አሥራት ነበር» አሉ። «ግን ሐኪም በአሥራት አይረካም። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እንግዲህ ልኩ ታወቀ፤ ፈቃዱም ተገኘ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ወግ አልጽፍላችሁም ነበር። የቀጠሮው ዋዜማ አዴ ፋጡማ፣ «ነገ ስንት ልትዪው ነው?» አሉኝ።

«ሲሶ ነዋ።»

«ዋ! ሲሶ ካልሽው ሩብ ይልሽና ስትከራከሪ ትውያለሽ። ግማሽ በዪው! እሱ ሩብ ይላል። አንቺ ጥቂት ትወርጃለሽ፣ እሱ ጥቂት ይወጣል፤ ሲሶ ላይ ትጨባበጣላችሁ።»

ሒሳቡ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን እንከን ታወጡለታላችሁ?

በማግስቱ ሐኪሙ እርሳሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ምን ያህል ይሁን?» አሉ፤ አቶ ቱፋ አስተረጎሙልኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ፊቴን ግድ እንደሌለው ሰው አደረግሁ፤ ይህም የትምህርቱ ክፍል ነው።

«ግማሽ!» አልሁ።

አቶ ቱፋ አስተላለፉ። ሐኪሙ እኔን አዩ፤ ወረቀታቸውን አዩ፤ ጻፉ።

«እሺ ብለዋል» አሉ አቶ ቱፋ።

«እሺ ምን?»

«እሺ ግማሽ።»

እሺ ግማሽ! ሩብ የለ፣ «ኧረ በዛ» የለ፣ «እስቲ ለእኔም ተይልኝ» የለ… እሺ ግማሽ! አራት ስኒ ተኩል! አዴ ፋጡማ በጆሮዬ «ዱባ አለበት! ዱባ አለበት!» ያሉ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ «የለም፣ ያሰብሁት ሲሶ ነው» ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ! ያኔ ግን የስንት ገበያ ትምህርት እግሬ ውስጥ ገብቷል፤ እግሬ ራሱ ተነሣ።

«እንግዲያው ይቅር!» ብዬ ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ ወጣሁ።

ለምን እንደወጣሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጠራ ነዋ!

ቀስ ብዬ ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጫማዬን አሰርሁ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ግቢው ውስጥ የተተከለውን ጎመን አንድ በአንድ እያየሁ አደነቅሁ። ጆሮዬ ግን ከኋላዬ ነው። ዝም። ዘበኛው ጋ ስደርስ ሰላምታ ጀመርሁ። የባሌ ሰላምታ በረከቱ ይኼ ነው፣ ካወቁበት ግማሽ ቀን ያቆማል።

«አካም ጂርቱ? ነጋያ?»

«ነጋያ!»

ቤቱ ደኅና? ደኅና። ከብቱስ? ደኅና። ገብሱስ? ተመስገን። ፈረሱስ? ፈረሱ እግሩን አሞታል። እግዚአብሔር ይማረው! የትኛውን እግሩን? የኋላውን። ቀኙን ወይስ ግራውን? በዲንሾ በኩል ስላለው ዝናብም ጠየቅሁት። ዘበኛው፣ «መምህርት ዛሬ ምን ነክቷታል?» በሚል ዓይን እያየኝ ሁሉንም መለሰልኝ። ከክሊኒኩ ግን ዝም። የምጠይቀው ነገር አለቀብኝና ከበሩ ወጣሁ። ልክ ሁለት እርምጃ እንደሄድሁ…

«መምህርት!»

የአቶ ቱፋ ድምፅ! በአንደኛው አልዞርሁም።

«መምህርት! ኧረ ይቁሙ!»

በሁለተኛው፣ እንደ ትምህርቱ፣ ቀስ ብዬ፣ እየከበደኝ ዞርሁ። አቶ ቱፋ እየሮጡ መጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ጃንጥላዎን ረስተዋል።»

ጃንጥላዬን! ተቀበልኋቸው፤ ምን አደርጋለሁ?

«ሐኪሙ… ምንም አላሉም?» አልሁ።

«ብለዋል። ‘አካሉ የእሷ ነው፤ የምታውቀው እሷ ናት። ግማሽ ካለች ግማሽ፣ ይቅር ካለች ይቅር’ አሉ።»

«መልሷት አላሉም?»

«ለምን ይመልሱዎታል? እርስዎ ነዎት የሄዱት።»

«እርስዎስ አቶ ቱፋ? የዚህ አገር ሰው አይደሉም? ግማሽ ስል ሲሶ ማለቴ እንደሆነ ጠፍቶዎት ነው?»

«ምን ይጠፋኛል! ‘ሩብ’ እስኪሉ እኔም ስጠብቅ ነበር እንጂ።» አንገታቸውን ደፉ። «ግን መምህርት፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ደላላ አይደለሁም።»

ለምን ያን ጊዜውኑ አልተመለስሽም ትሉኛላችሁ። ጥሎ ከወጡበት ገበያ ሳይጠሩ መመለስ? እናንተ አድርጋችሁት ታውቃላችሁ? ነገ እመለሳለሁ አልሁ። ነገ ስመለስ ሐኪሙ በጠዋቱ አውሮፕላን አዲስ አበባ ገብተዋል። በዚያ ዓመት ስቅለትንም ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር ጥግ ይዤ ዋልሁ። አንዷ ቦታ ለቀቅ አድርጋልኝ፣ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለችኝ።

ያን ክረምት ሙሉ አንዲት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች፤ «አካሉ የእሷ ነው» የምትለዋ። እስቲ ልብ በሉ፤ በእነሱ ጉዳይ እናቴ ተናግራለች፣ ማኅበሩ ፈርዷል፣ ዳይሬክተሩ ሰላም ብለዋል፣ ነፍስ አባቴ ፈቅደዋል፣ አዴ ፋጡማ መዝነዋል። «አንቺ ታውቂያለሽ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም አጭበርባሪ መስሎኝ ጥዬው ሄድሁ!

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ተመለሱ። ከበሽተኛው ሁሉ ቀድሜ ደረስሁ፤ ጃንጥላዬን በእጄ ጠበቅ አድርጌ።

«ምን ያህል?» አሉ።

«ሲሶ።»

አቶ ቱፋ ከማስተርጎማቸው በፊት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «መነሻው ነው ወይስ መጨረሻው?» አሉኝ።

«በእመቤቴ፣ መጨረሻው ነው!»

በዕድሜዬ የልቤን ልክ በመጀመሪያ ቃሌ ስናገር ያ የመጀመሪያው ነው። ልብሴን ካወለቅሁበት ሰዓት ይልቅ ራቁቴን የቆምሁ የመሰለኝ ያኔ ነው። ሐኪሙ «እሺ ሲሶ» ብለው ጻፉ፤ እኔም አልሄድሁም።

የቀዶ ጥገናውን ነገር አልተርክላችሁም፤ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ አመመኝ፣ ዳንሁ። ፋሻው የተፈታ ዕለት አዴ ፋጡማ «ቢስሚላሂ» ብለው እንደ ልማዳቸው መዘኑ። እኔም እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ሲሶ!» አሉ። «ግራና ቀኙንም አስተካክሎታል። አንዲት ፍሬ ገብስ አላነሰም፣ አልበለጠም።» ቅር አላቸው። «ፈረንጅ ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?»

ዘንድሮ ስቅለት ደረሰ። ነፍሰ ጡሮቹ ቦታዬን ይዘውልኝ ኖረዋል፤ አመስግኜ መሀል ገባሁ። «ኪርያላይሶን» ሲባል ወደቅሁ። ግንባሬን ቀዝቃዛ ነገር ነካው። እርጥብ አፈር! እዚያው እንደ ተደፋሁ ቆየሁ፤ ሌላው ሁለቴ ተነሥቶ ሁለቴ ሲወድቅ እኔ አልተነሣሁም። እንዲህ ነበር እንዴ? አፈሩ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል። ከጎኔ የነበረች ሴት «ሞተች እንዴ?» ብላ በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ነው የተነሣሁት።

ሲመሻሽ፣ እንደምታውቁት፣ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ የሚሰግደውን ቁጥር ይሰጣሉ። ተራዬ ደርሶ አባ ወልደ ሰንበት ፊት ቀረብሁ።

«ወለተ ማርያም! ግንባርሽ ላይ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው፣ አባ» አልሁ፤ ሳቅና እንባ ተቀላቀለብኝ።

«ተመስገን! ተመስገን! እንግዲህ ዳዊቱ ቀርቷል።» ወይራውን አነሡ። «ስንት መስገድ ትችያለሽ?»

ሐኪሙ ትዝ አሉኝ። አካሉ የእኔ ነው፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ጉልበቴን ጠየቅሁት፤ ወገቤን ጠየቅሁት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ «አርባ አንድ ነው የምችለው፣ አባ» አልሁ።

አባ ፈገግ አሉ። እሳቸው ፈረንጅ አይደሉም!

«አርባ አንድ ካልሽ፣ ሰማንያ ትችያለሽ ማለት ነው።»

«የለም አባ! እውነቱን ነው የተናገርሁት!»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። መቶ አድርጊው።»

እግሬ… ያ የለመደበት እግሬ ራሱ ተነሣ! ነጠላዬን ወርውሬ፣ ቀስ ብዬ፣ ጥዬ ሄድሁ።

«ወለተ ማርያም!»

በአንደኛው አልዞርሁም።

«ወለተ ማርያም!»

ተጠራሁ! እሰይ፣ በመጨረሻ ተጠራሁ! በሁለተኛው ዞርሁ።

«የዓምናውን ረስተሻል» አሉ አባ። «መቶ ሃምሳ!»

ሰግጄ ስጨርስ እግሬን እየጎተትሁ፣ ጃንጥላዬን ተመርኩዤ ቤቴ ገባሁ። አዴ ፋጡማ በር ላይ ተቀብለው ሁሉንም አናዘዙኝ። ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ያዙ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ዱባው ቀን።

«ሲሶ አስቀንሰሽ ሦስት እጥፍ አስጨምረሽ መጣሽ? ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም!»

እኔም ያን ማታ ተምሬያለሁ አንባቢዎቼ። ለፈረንጅ የልባችሁን ልክ ንገሩት፤ ለአገራችሁ ሰው ግን አደራ! እንግዲህ አንዳችሁ መንገድ ላይ አግኝታችሁኝ «ለመሆኑ ያን ቀን ስንት ሰገድሽ?» ብትሉኝ፣ «ሦስት መቶ» እላችኋለሁ።

ግማሹን ያዙ።